ሙጃ ተብሎ የተነቀለው ሩዝ

ፎገራ ሜዳ ላይ ክረምት ሲገባ መሬቱ የማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። የገበሬው ነው እንዳትሉ፣ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ሞልተው እየተንደረደሩ መጥተው ይተኙበታል። የውኃው ነው እንዳትሉ ደግሞ ገበሬው ሞቼ እገኛለሁ ይላል። የደጋ ሰው ታዲያ በበጋ በመኪና ሲያልፍ ጥቁር አፈሩን ያይና፣ «እናንተማ ምን ጎደለባችሁ! ሜዳ፣ ከብት፣ ውኃ!» ይለናል። ና እስቲ ሐምሌ ላይ ቁምበት! እስከ ጉልበትህ ሰጥመህ «ጎትቱኝ» ስትል እንሰማሃለን።

አማከለች ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ዘመኑ የደርግ ነው። መሬት በገበሬ ማኅበር በኩል በዕጣ ሲደለደል ለእሷና ለባሏ ለማረው የደረሳቸው ከቁሐር ሚካኤል ቁልቁል ያለው፣ ሰው «ሰጣሚው» የሚለው ማሳ ነበር። ዕጣ ነው፣ ማን ይወቀሳል? ማረው «የደረሰንን ነው የምናርስ» ብሎ ጤፍ ዘራበት፤ ውኃው በላው። በዓመቱ ማረውን ራሱን ወባ ወሰደው። አማከለች ከሁለት ሴቶች ልጆቿ ጋር ቀረች። እሷም በተራዋ ዳጉሳ አዘራችበት፤ ዳጉሳውንም ውኃው በላው። ከጓሮ በርበሬዋና ከአንዲት ላም በቀር ያላት እንግዲህ ይኸው ውኃ የሚበላው መሬት ነበር።

ሚያዝያ ላይ የማኅበሩ ሊቀመንበር አለኸኝ ከሾላው ሥር ስብሰባ ጠራ። አለኸኝ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከላይ የመጣ መመሪያ ሲያነብ ግን ድምፁ ይለወጣል። «ጓዶች!» አለ። «ጦሙን የሚያድር መሬት አይኖርም። ዘንድሮም ፍሬ ያልታየበት ማሳ ወደ ወል ግጦሽ ይገባል።» ይህን ሲል አማከለችን ላለማየት ዓይኑን ወደ ሾላው ቅጠል ሰቀለ።

መሬት የሌላት መበለት ምን እንደምትሆን አማከለች ታውቃለች። ወረታ መገንጠያው ላይ አንዲት ክፍል ትከራያለች፤ ከጎንደር የመጣውም ከደብረ ታቦር የመጣውም ሹፌር ከመኪናው ሲወርድ ጠላ ትቀዳለታለች። ጠላ መቅዳት ነውር ሆኖ አይደለም፤ እሱም እንጀራ ነው። ግን ልጆቿ በማን መሀል ያድጋሉ? ማረው ያረፈ ሚካኤል ነው፤ መቃብሩን ማን ያይለታል? «ከዚህ ደብር አታውጡኝ» ልትል ፈለገች፤ አለኸኝ ግን ወደ ሌላ ነገር አልፎ ነበር።

በዚያው ስብሰባ ላይ ደሞዝ የሚባል የግብርና ሠራተኛ ከወረታ መጥቶ ነበር። የጎማ ቦቲ ያጠለቀ ቀጭን ሰው ነው። ከጆንያ እፍኝ ዘር አወጣና «ይኸ ሩዝ ይባላል። ውኃ ይወዳል» አለ።

«ውኃ የሚወድ እህል? ዓሣ ነው እንዴ!» አለ ቢሻው።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ቢሻው የአገሩ አውራ ገበሬ ነው፤ አፈር በጣቱ አሽቶ ዝናብ መቼ እንደሚያባራ የሚናገር። እሱ ከሳቀበት ማን ይወስዳል? ሰው ሁሉ ነጠላውን እያራገፈ ተነሣ። ደሞዝ ብቻውን ከጆንያው ጋር ቀረ፤ አማከለች ጠጋ አለችው።

«እውነት ውኃ አይበላውም?»

ደሞዝ ትንሽ አሰበ። «ላታልልዎት አልፈልግም፣ እናቴ። እዚህ ሲበቅል እኔም አላየሁም። ሌላ አገር ግን ውኃ ውስጥ ቆሞ ይበቅላል። ይህን ያየ ሰው ነው የነገረኝ።»

አላውቅም ማለቱን ወደደችለት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይሉ የለ? ዘሩን በቁና ሰፈረላት፣ ተሸክማ ገባች። ያው ዓሣ ነው እንዴ ያለው ቢሻው፣ ምላሱ እንጂ ልቡ ክፉ አይደለምና፣ በሬዎቹን ጠምዶ መጣና አረሰላት። ሲያርስ ግን አፉ አላረፈም። «መረብ ልፈልግልሽ ወይ፣ አማከለች? ሲደርስ በምን ታጭጂዋለሽ?» ይላታል። እሷም ትስቃለች፤ ምን ታድርግ!

ሩዙ በቀለ። በቀለ ማለት እንዲያው ለነገሩ ነው እንጂ ቀጫጫ፣ ቢጫ ቢጫ ያለ፣ ወባ እንደያዘው ልጅ ነው የነበረው። ከእሱ ጋር ደግሞ ሙጃው ተነሣ። ሙጃ የሚሉት አረም ክፉ ነው፤ የሰው ፍግ በልቶ፣ የሰው ውኃ ጠጥቶ፣ ባለ ርስት መስሎ ይወዛል። አማከለች ከልጆቿ ጋር ጧት ማታ አረመች፤ ከበስተኋላቸው መልሶ ይበቅላል። ሐምሌ እንደ ገባ እጇን አንሥታ «በቃኝ፣ ደቦ እጠራለሁ» አለች።

ደቦ መጥራት ግን ዝም ብሎ «ኑ» ማለት አይደለም። ያገራችን ሰው ለጉልበቱ አይሰስትም፤ ለጉልበቱ ግን ክብር ይፈልጋል። የደቦ ጌታ የሆነ ሰው ጠላው ከቀጠነ፣ ወጡ ከጎደለ፣ ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይነሣል። አማከለች ደግሞ ባል የሌላት ናትና «መበለት ስለሆነች ነው» መባልን ከሞት አብልጣ ፈራች። ለክፉ ቀን ያስቀመጠቻትን ዳጉሳ አውጥታ ጠላ ጠመቀች። የመጨረሻውን ጤፍ አስፈጨች። የላሟን ቅቤ አነጠረች። ጎተራዋ ተጠረገ። ማሳው ከታረመ እህል ይመጣል፣ ካልታረመ ደግሞ ጎተራ ለምን ይሆናል አለች። ልክ ነበረች እኮ፤ የማታውቀው ነገር ገጠማት እንጂ።

ደቦው የተጠራው ለሚካኤል ዋዜማ ነው። በማግስቱ ሐምሌ አሥራ ሁለት ስለሆነ የደብሩ ሰው አፈር አይነካም። ጧት በእርጥቡ ሃያም ሠላሳም የሚሆን ሰው እየተጠራራ ወረደ፤ ቢሻው ከፊት። አማከለች ወደ ማሳው አልወረደችም። እንዴት ትወርዳለች! ወጡ እሳት ላይ ነው፣ ጠላው ይጠለላል፣ እንጀራው ገና አላለቀም። የደቦ ባለቤት የሆነች ሴት ቦታዋ ምድጃው ሥር ነው፤ እንዲያ ነው ወጉ። አያ ቢሻው ካለ ምን ክፉ ይመጣል ብላ አመነች።

ማሳው ዳር ሲደርሱ አንለይ የሚባለው ጎረቤቷ ቆም አለና «ሩዙ የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ጥሩ ጥያቄ ነበር። አንዱን ሰው ወደ ቤት ልኮ ማስጠየቅ ይቻል ነበር፤ ቤቱ ከዚያ ይታያል። ግን የተጠየቀው ቢሻው ነው። አይ ቢሻው! ይህ ሰው ከእናቱ ሆድ ሲወጣ «አላውቅም» የሚለውን ቃል ረስቶት ነው የወጣው። ጎንበስ ብሎ አየ። ወደዚህ የወዛ፣ ሰፊ ቅጠል፣ ጥቁር አረንጓዴ ሣር አለ። ወደዚያ ደግሞ ቀጭን፣ የገረጣ።

«ይኸማ ምን ይጠየቃል!» አለ። «መንግሥት ከባሕር ማዶ በመርከብ ያስመጣው እህል እንዲህ ከስቶ ይታያል? ይኸ የወዛው ነው ሩዙ። ቀጫጫው ሙጃ ነው፤ ከሥሩ ንቀሉት!»

ተሰለፉ። ጎንበስ አሉ። ቢሻው አዜመ፦

«ንቀለው ንቀለው ሙጃውን ከሥሩ፣
አምሮ እንዲታይላት ሩዟ እስከ ዳሩ!»

እየተቀበሉ ነቀሉ። እንዴት ያለ ሥራ ነበር እናንተ! አንዲት ቀጫጫ እንኳ አልቀረቻቸውም። የነቀሉትን ግማሹን ከማሳው ዳር ያሉ ላሞች በሉት፣ ሌላውን ከማሳው ሥር ወዳለው ውኃ ያቆረ ቦይ ወረወሩት። አማከለች ከቤቷ ሆና ዜማውን ሰማች፤ ስሟ ሲጠራ፣ ሩዟ ሲወደስ። ማማሰያዋን ይዛ ቆመችና «ሚካኤል፣ ይህን ያህል ሰው ሰጥተኸኛል፣ ምን ከፍዬህ ነው?» አለች፤ እንባዋ መጣ።

ቀትር ላይ እንጀራውን በመሶብ ተሸክማ፣ ልጆቿ ጠላውን በእንስራ አዝለው ወረዱ። ሰዎቹ ማሳው ዳር ላብ እየጠረጉ፣ እንደ ሙሽራ ሚዜ ኮርተው ተቀምጠዋል። አማከለች ማሳውን አየች። ከዳር እስከ ዳር የተጠረገ፣ የተስተካከለ፣ የሚያምር የሙጃ ማሳ!

መሶቡን አስቀመጠች። መውደቅ ይሻላት ነበር፤ ግን እንጀራ ይዛለችና አስቀመጠችው። ከዚያ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ምነው አማከለች? አመመሽ?» አለ ቢሻው ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ።

«አያ ቢሻው» አለች፣ ድምፇ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። «የነቀላችሁት እኮ ሩዙን ነው።»

 ቢሻው ማሳውን አየ፣ እጁን አየ።  አንዱ «አበስኩ ገበርኩ» አለ ቀስ ብሎ። ማንም ወደ መሶቡ ዘወር አላለም፤ በየትኛው ፊት ይበሉ? አማከለች አፈሩን ተደግፋ ተነሣች፤ ነጠላዋን አጠበቀች።

«ብሉ» አለች። «ከጧት ጀምራችሁ ደክማችኋል። የደቦ እህል ነው፣ ብሉ።»

በሉ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚበላው፣ ጎንበስ ብለው፣ ሳይነጋገሩ። ቢሻው አንድ ጉርሻ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ። አማከለች ዞራ ጠላ ቀዳች፤ ማንንም አልገላመጠችም። ያን ቀን ብትሰድባቸው ኖሮ ይቀላቸው ነበር ይላሉ እስከ ዛሬ።

በማግስቱ ሚካኤል ነው። አማከለች ለቅዳሴ ስትወጣ በማሳው በኩል አለፈች፤ እንደ አስከሬን ልትሰናበተው። ቦይው አጠገብ ስትደርስ ቆም አለች። ከዳሩ ላይ የወደቀው ሩዝ ጠውልጓል። ውኃው ውስጥ የወደቀው ግን አልጠወለገም! ሥሩ ጭቃ የነካው እንዲያውም ቀና ብሎ ቆሟል፣ ለምልሞ። አማከለች ጎንበስ ብላ ትኩር ብላ አየችው። ከጓሮዋ ያለው በርበሬ ትዝ አላት። በርበሬ መደብ ላይ ይፈላል፤ ከዚያ ተነቅሎ አይደል ሌላ ቦታ የሚተከል? አይሞት፣ እንዲያውም ይጠነክራል። በርበሬ ካልሞተ ይኸ ለምን ይሞታል?

ልቧ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ ተመልሶ ወደቀ። ዛሬ ሚካኤል ነው፤ አፈር አይነካም። ነገ ቢሆንስ ይህን ሁሉ ችግኝ ብቻዋን በስንት ወር ትተክለዋለች? ሌላ ደቦ ልትጠራ በምን? ጎተራዋ ውስጥ አይጥ እንኳ ተሰዳለች። ከዚህ ሁሉ ደግሞ ላሞቹ ከወዲያ ማዶ ሆነው ቦይውን እያዩ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ ቄስ ኃይለ ሚካኤል አገኟት። መስቀላቸውን አሳልመው አጠገቧ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ደቦውን ሰምተዋል፤ ያልሰማ የለም።

«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፣ ልጄ» አሏት።

«እግዜርማ ይደግስ ይሆናል፣ አባ፤ እኔ ነኝ ድግስ ያለቀብኝ!» አለች፤ ሳታስበው ሳቀች። የቦይውንም፣ የበርበሬውንም፣ የጎተራዋንም ነገር አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ቄሱ ሲሰሙ ቆዩና ተነሡ።

የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኞች ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተሰብስበው ነበር። ቄስ ኃይለ ሚካኤል ጽዋውን ባርከው ሳያበቁ፣ «የአማከለች ሩዝ አልሞተም» አሉ። ሰዉ ቀና አለ። ነገሩን አስረዱ። «ነገ ተመልሶ ይተከል። እሷ ግን የምትደግሰው የላትም።»

«ያልተደገሰበት ደቦ ደግሞ ምን ይባላል?» አለ አንለይ።

«ጽድቅ ይባላል» አሉ ቄሱ።

«ጽድቅማ ሆድ አይሞላም፣ አባ!»

«ለዚህ ነዋ ስንቅ የተፈጠረው!» አለ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ። ቢሻው ነበር። ፊቱ እንቅልፍ አላየም። «ያስነቀልሁ እኔ ነኝ። ነገ የምበላውን ከቤቴ ይዤ እወርዳለሁ። የሚመጣ ይምጣ፣ የማይመጣም ይቅር፤ እኔ ግን እስከ ማታ ጭቃ ውስጥ ነኝ።» ይህን ብሎ ጽዋውን እንኳ ሳይቀምስ ወጣ።

የት ሄደ መሰላችሁ? ቦይው ጋ። በበዓል ቀን ዱላውን ይዞ ከቦይው አፋፍ ተቀመጠና ጀንበር እስክትጠልቅ ላም ሲያባርር ዋለ። ያለፈ ያገደመው «አያ ቢሻው፣ በሚካኤል ቀን ሥራ?» ሲለው፣ «ተቀምጫለሁ እንጂ ምን ሠራሁ? መቀመጥ ከመቼ ወዲህ ሥራ ሆነ!» ይላል። አማከለች ከሩቅ አየችው። ትላንት ማታ ረግማው ነበር፣ በልቧ። ያን ርግማን ቃል በቃል መልሳ ዋጠችው።

በማግስቱ ጧት በሯን ስትከፍት ጎዳናው ሰው ሞልቶታል። የትላንት ወዲያዎቹ ብቻ አይደሉም፤ ሚስቶቻቸውም፣ ያልተጠሩትም ወርደዋል። አንዱ ቆሎ በአቁማዳ፣ አንዷ እርጎ በቅል፣ አንዷ ዳቦ በነጠላ። ቄስ ኃይለ ሚካኤል ራሳቸው የደጀ ሰላሙን የተረፈ ድፎ አስይዘው መጥተዋል።  አማከለች «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ የሴቶቹን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል «ተዪ እባክሽ! ይልቅ እንዴት እንደሚተከል አሳዪን!» ብለው አነሧት።

አሳየቻቸው። በዚህ ጊዜ ምድጃ ሥር አልቀረችም፤ ከፊት ወረደች። መጀመሪያ ሙጃውን ነቅለው ለከብት ሰጡ። ከዚያ ሩዙን ከቦይው እያወጡ፣ እንደ በርበሬ አንዷን ከሌላዋ አራርቀው፣ በጣት ጭቃው ውስጥ ተከሉ። ከብት የበላው በልቶታልና ችግኙ አልበቃም፤ ሰፋ ሰፋ አድርገው አዳረሱት። ቢሻው አንዷን ሲተክል «እቺ ማናት?» እያለ ይጠይቃት ነበር። «ሩዝ ናት፣ አያ ቢሻው።» «እቺስ?» «እሷም ሩዝ ናት።» «እስቲ እቺን ደግሞ እይልኝ፣ እኔ እንደሆን አላውቅም።» ቢሻው «አላውቅም» አለ! ያገር ሰው ሥራውን ጥሎ ሳቀ።

ከቀትር በኋላ ደሞዝ ከወረታ በእግሩ መጣ። ወሬው ደርሶት ነበርና «ዘሬ አለቀ» ብሎ ፊቱ ጠቁሯል። ማሳው ዳር ቆሞ ሲያይ ግን አፉ ተከፈተ።

«ይህን ማን ነገራችሁ?» አለ። «ሩዝ ያለበት አገር እኮ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ አፍልተው፣ ነቅለው፣ መልሰው ይተክሉታል። እኔ ይህን ያህል እጅ ከየት ይገኛል ብዬ ነው ዝም ያልኋችሁ።»

«እንግዲያማ በስሕተት አይደለም የነቀልነው!» አለ ቢሻው፣ ወገቡን ቀና አድርጎ።

ነሐሴ ላይ ርብ ሞላ። በዚያ ዓመት የሞላውን ያህል ሞልቶ አያውቅም ይላሉ። የአንለይ ጤፍ ሄደ፣ የሌሎችም ሄደ። ሜዳው ጣና የተዘረጋበት መሰለ። አማከለች ጧት ጧት ወጥታ ታያለች፤ ውኃው መሀል የሩዟ ጫፍ ብቻ ብቅ ብሎ ይወዛወዛል። ትማጠናለች፣ ስለት ትሳላለች። ውኃው ቆየ፣ ቆየና ሸሸ። ሩዙ ግን ቆሞ ቀረ። ወፍሮ፣ ተንሰራፍቶ፣ ከአንዲቱ እግር ብዙ አገዳ አውጥቶ። ኅዳር ላይ ዘለላው ከብዶት አንገቱን ደፋ።

ታኅሣሥ ላይ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ ተወቃ። ምርቱ አውድማው መሀል ተቆልሎ ሳለ አለኸኝ ሽማግሌዎችን አስከትሎ መጣ። ያ የስብሰባው ቃል ገና አልተፈታም፤ መሬቱን አይቶ መወሰን አለበት። ወሬውን የሰማ ሁሉ ተከትሎ መጥቷል።

«እንግዲህ ፍሬው ታይቷል» አለ አለኸኝ፣ ፈገግ ብሎ። «ያም ሆኖ አስተያየት ያለው ይናገር።»

አንለይ ተነሣ። አንለይ ቀማኛ አይደለም፤ ቤቱ ልጅ የሞላበት፣ ጤፉን ውኃ የወሰደበት ሰው ነው። ራብ ደግሞ ያናግራል።

«ሕጉ መሬት ለአራሹ ነው የሚል» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «እዚህ ላይ አራሹ ማነው? የቢሻው በሬ አረሰ። እኛ ተከልን፤ ስንቃችንን ከየቤታችን በልተን ተከልን። ለተከላው እሷ አንዲት እንጀራ አልደገሰችም። እንግዲህ ይኸ የወል ነው እንጂ የአንድ ሰው ማሳ እንዴት ይሆናል? ወል ይባልና ለተቸገረው ሁሉ ይከፋፈል።»

አውድማ ላይ ክፉ ቃል አይነገርም፤ ስለዚህ የተቃወመው አልነበረም። የባሰው ደግሞ ነገሩ ውሸት አለመሆኑ ነው። አለኸኝ ጢሙን ማሸት ጀመረ። ሰዉ ወደ አማከለች ዞረ።

አማከለች ልጆቿን በግራና በቀኝ ይዛ ቆማለች። የወረታው መገንጠያ መጣባት፤ የመኪናው አቧራ፣ የኪራዩ ክፍል። ቀስ ብላ ተናገረች።

«አንለይ እውነቱን ነው። እጃችሁ ባይኖር ዛሬ እዚህ የለሁም። ያን ቀን የመጣችሁልኝን ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ ሌት ስተኛ ስማችሁን አንድ በአንድ እያነሣሁ ነው የምጸልይ። ይህን ያደረገልኝን ሰው ከስሼ መሬት ይዤ ምን እበላበታለሁ? ወል ነው ካላችሁ ወል ይሁን። ብቻ ከሚካኤል አታርቁኝ።»

ይህን ስትል ቢሻው ምርቱን ያነፈሰበትን ላይዳ ወረወረው።

«ዝም በይ አንቺ!» አለ። ተቆጥቷል። «አንለይ፣ ያን ቀን ስትተክል ምን ነበር የምትተክል? በዚህ በምርቱ ፊት እውነቱን ተናገር።»

«ሩዝ ነዋ።»

«ሐሰት! ሩዝ ለአፍህ ነው። እኔ ሣር ነው የተከልሁ። በልቤ ሣር ነበር፤ ጥፋቴን ለመሸፈን፣ እሷን ለማስተዛዘን ነው ጎንበስ ያልሁ። ሁላችንም እንዲያው ነን! ቄሱም ጭምር፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«አልዋሽም፣ እኔም እንዲያው ነበርሁ» አሉ ቄስ ኃይለ ሚካኤል።

«እኛ ሣር ተክለን ሄድን። እህል ነው ብላ ያመነች እሷ ብቻ ናት። ውኃው ላይ ጧት ጧት ቆማ ያየች እሷ ናት። ሣር የተከለ እንዴት እህል እካፈላለሁ ይላል? አራሹማ እሷ ናት!»

 አንለይ ጋቢውን አፉ ላይ አደረገና ወደ ኋላ ሄዶ ቆመ። አለኸኝ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መሬቱ የአማከለች ነው» አለ አለኸኝ። ይህን ሲል ድምፁ እንደ መመሪያ አልሆነም፤ የራሱ ድምፅ ነበር።

አማከለች መሬት ሳመች። ቀና ስትል እያለቀሰች እየሳቀች ነበር፤ ማን ይፈርድባታል! ትንሽ ቆይቶ አንዱ ጠጋ አለና «እንዲያው ለዘር የምትሆን…» አለ። ሌላውም ተከተለ። በአንድ አፍታ አውድማው ገበያ ሆነ። አለኸኝ «ቆይ! ሰጣሚውን ሁሉ ሩዝ ከዘራንበት ከብቱ ወዴት ይሂድ?» ብሎ አስቆማቸው። እዚያው ተቀምጠው መከሩ። ዳገት ዳገቱ ለግጦሽ እንዲተው፣ የሩዙ ገለባ ለላሞች እንዲከመር፣ ሩዙ ሲነሣ በቀረው እርጥበት ላይ ሽምብራና ጓያ እንዲዘራ ተስማሙ። የሩዝ ተከላ ደቦ ደግሞ ሁሉም ስንቁን ይዞ የሚወርድበት እንዲሆን፣ ድግስ የሚባል እንዳይነሣበት ቆረጡ።

«ዘሩንስ መቼ እንመልስልሽ?» አሏት።

«ለኔ አትመልሱ» አለች አማከለች። «ከናንተ የወሰድሁትን መልሼ አልጨርሰውም። አንድ ቁና የወሰደ፣ በሚመጣው ዓመት ውኃ ለወሰደበት ሰው አንድ ቁና ይስጥ። እሱም እንዲሁ ለሌላው።»

ቁናውን አንሥታ ከምርቱ ዛቀች። ሰዉ ነጠላውን፣ አቁማዳውን ይዞ ወደ እሷ ተጠጋ፤ ቢሻው ከሁሉ ፊት ነበር። እሷ ግን በሰዉ መሀል አልፋ፣ ከገለባው ክምር ኋላ ወደ ቆመው ሰው ሄደች።

«አንለይ፣ ጋቢህን ዘርጋ።»

አንለይ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ልወስድብሽ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ልጆችህ ምን እንደበሉም አውቃለሁ። ዘርጋው።»

አንለይ በሁለት እጁ ጋቢውን ዘረጋ።